ያልተጠረገ አውራ ጣት

ባለፈው ወር ፒያሳ ወርጄ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባሁና «ካርቦን ወረቀት አለሽ?» ብላት፣ ሻጯ ልጅ «ለምን ዓይነት ፕሪንተር ነው፣ እማማ?» አለችኝ። ወይ ጉድ! «ለአሥር ጣት ፕሪንተር» አልኋት። ደግ ልጅ ናት፤ አልተቀየመችኝም። መደርደሪያውን ሁሉ አገላብጣ በመጨረሻ የጥልፍ ንድፍ መገልበጫ የሚሆን ሰማያዊ ወረቀት አገኘችልኝ። ይበቃኛል ብዬ ይዤው ወጣሁ። ለምን እንደፈለግሁት ብነግራት ኖሮ ግን የምትሸጥልኝ አይመስለኝም።

ትርንጎ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ራፖር ጻፊ ነበርሁ። ለማያውቁት ልንገራቸው፦ ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የጽሕፈት ማኪና ይዘን ተቀምጠን የሰው አቤቱታ የምንጽፍ ነበርን። መጀመሪያ ደጋ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ሠራሁ፤ ኋላ እዚሁ ጎንደር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ባለጉዳዩ ሁሉ ወደ እሱ ሄደና እኛ ከጥላው ሥር ተነሣን። አሁን አዘዞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሚኒባስ ሲያልፍ እሰማለሁ።

ዕቃዬን ግን አልጣልሁም። ማኪናዬ ጨርቋን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፊደል የምጠርግበት የጥርስ ብሩሽ አለ፤ አንድ ጫፉ ቀይ፣ አንድ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ እርሳስ አለ፤ ጠርዙ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ፣ ስፒል የማኖርበት ቆርቆሮ፣ ወረቀት መብሻ፣ ባለጉዳይ ይቀመጥበት የነበረ ዱካ፤ ሁሉም አለ። ቀለምና ነጭ ጋዝ አንድ ላይ ሲሸተኝ አሁንም ሆዴ ይባባል። የማልነካው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው አውራ ጣቱን ነክሮ የሚፈርምበት የቀለም ፓድ። ክዳኑ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ያሰረው አያ ቸኮለ ነው።

አያ ቸኮለ ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ነው። ስሙ ቸኮለ ይሁን እንጂ ቸኩሎ አያውቅም። ጎንደር ታይፕ ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደዚያች ከተማ ስወጣ፣ ወረቀቴን ገና ሳያየው «እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ» አለኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። በመጀመሪያ ቀኔ ካርቦኑን ገልብጬ አገባሁትና ጽሑፉ ከዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ግልብጥብጥ ብሎ ወጣ። አያ ቸኮለ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና «ሸጋ ነው፤ ይኸን ሰይጣን በመስተዋት ያነበዋል» አለ። ሠፈር ምድሩ ሣቀብኝ።

የዛሬ ልጆች ኪቦርድ ሲነኩ ሳይ ይገርመኛል፤ ይዳስሱታል እንጂ አይመቱትም። የእኛ ማኪና ጉልበት ይፈልጋል። ፊደሉን ትመቺና ቅጥሉን፣ የካዕብ የሣልሱን ምልክት፣ ደግሞ ለብቻው ታስከትያለሽ። ሦስት ወረቀት በሁለት ካርቦን ደርበሽ ከሆነ መጨረሻው ወረቀት ድረስ እንዲዘልቅ ከትከሻሽ ነው የምትመቺው። ስሕተት ብትሠሪ ሦስቱንም ትፍቂያለሽ። ማታ ማታ ፊደሉ የጎረሰውን ቀለም በብሩሽና በጋዝ እናወጣለን፤ ካላወጣነው ‹መ›ም ‹ወ›ም ዓይናቸው ይጠፋል። የጣቴ ጫፍ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ቀጥሎ ጠነከረ፣ ኋላ መሰማቱን ተወ። ክፍያው አንዳንዴ ሳንቲም፣ አንዳንዴ እንቁላል ነበር፤ እሱን ተዉት።

ካስተማረኝ ሁሉ የጣቱ ሥርዓት ይበልጥብኛል። ያን ጊዜ አብዛኛው ባለጉዳይ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርም። አያ ቸኮለ ጽፎ ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች ጮኽ ብሎ ያነባል። ከዚያ የሰውየውን አውራ ጣት በራሱ እጅ ይዞ መጀመሪያ ፓዱ ላይ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ በቀስታ ያንከባልለዋል። ጣቱን ሳይለቅ «ቃልህ ነው?» ይለዋል። «ቃሌ ነው።» ሦስት ጊዜ ያስመልሰዋል። በመጨረሻ ጋዝ የጠጣውን ጨርቅ አንሥቶ ጣቱን ራሱ ይጠርግለታል። ግራዝማች ይምጣ ወዛደር፣ ለሁሉም ያው ነው።

«ሰው ከእኔ ዘንድ ጥቁር ጣት ይዞ አይሄድም» ይላል።

«ምነው፣ አያ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ቃሉ አላለቀማ! ያልተጠረገ ጣት ያገኘውን ሁሉ ይፈርማል።»

የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ፈንታሁን የሚባል የዚያ አገር ሰው፣ እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት፣ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ቀርቷል። ወባ ገደለው የሚል መርዶ መጣ። ሬሳ አልመጣም። ሚስቱ ስመኝ ፀጉሯን ተላጭታ አለቀሰች፣ በሬ አርዳ ተዝካሩን አወጣች፣ አገሩም በልቶ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። ኋላ ቤቱና መሬቱ ለእሷና ለሕፃን ልጇ ለየሺ እንዲጸናላቸው ስታመለክት፣ የጻፈላት አያ ቸኮለ ነው። ከፈንታሁን ስም በፊት «ሟች» የሚለውን ቃል የመታው እሱ ነው ማለት ነው።

አንድ ክረምት፣ በቀትር፣ ጉሙ ወርዶ የፍርድ ቤቱን በር እንኳ ሸፍኖት ሳለ፣ ሰው ሲመጣ ሳናይ ዱካው ላይ ሰው ተቀምጧል። ቀጭን ነው፤ ልብሱ በውሃ ርሶ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል።

«ማመልከቻ ጻፉልኝ» አለ።

«በምን ጉዳይ?» አለው አያ ቸኮለ፣ ወረቀት እያገባ።

«ሕያው ነኝ ብላችሁ።»

የአያ ቸኮለ እጅ ማኪናው ላይ ቀረ።

«ፈንታሁን ነኝ» አለ ሰውየው። «የስመኝ ባል፣ የየሺ አባት። ሟች ብሎ የጻፈህ እሱ ነው ብለው ወዳንተ ላኩኝ።»

አያ ቸኮለ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «እንግዲያ የገደልሁህ እኔ ነኛ! የማነሣህም እኔው ነኝ። ተናገር።»

ተናገረ። ቆላ ወርዶ ታመመ፤ የሞቱት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው እንጂ እሱ ተረፈ። ከዚያ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰዎች ዘንድ ተቀጥሮ መመለሻ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ወደ ቤቱ ነበር የሄደው። ስመኝ በሩን ከፍታ አየችውና መልሳ ዘጋችው። «ተዝካርህን አውጥቻለሁ፤ ምን ጎደለብህ? ወደመጣህበት ተመለስ» አለችው ከውስጥ። የሺ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። «አባቴ ሞቷል» ብላው ሮጠች።

«ቤቱንም መሬቱንም ትያዘው» አለን። «እኔ ምንም አልፈልግም። ሕግ ሕያው ነው ካለኝ እናቷም አትከለክላትም። የሺ አንድ ጊዜ አባዬ ብትለኝ ይበቃኛል።»

አያ ቸኮለ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ይዞ በገበያ ቀን እንዲመጣ ነገረው። ይዟቸው መጣ። አፈ ጉባኤያቸው አያ ታረቀ የሚባሉ፣ የፈንታሁን የአጥር ጎረቤት ነበሩ። ፈንታሁንን አናገሩት፣ አስነሥተው አራመዱት፣ የልጅነት ነገር ጠየቁት። ሁሉንም መለሰ።

«ድምፁ የእሱ ነው፤ አረማመዱም የእሱ ነው» አሉ አያ ታረቀ። «ግን እኮ፣ አያ ቸኮለ፣ ተዝካሩን በልተናል። ተዝካሩን የበላነውን ሰው ሕያው ነው ብለን እንዴት እንምላለን? ታዲያ የበላነው ምንድን ነው ሊባል ነው?»

«በሬ ነዋ!» አላቸው አያ ቸኮለ።

ሣቁ። አያ ታረቀም ሣቁና «ይሁን፣ እንመሰክራለን» አሉ። ፈንታሁን ሲሣቅ አየና እሱም ሣቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ነኝ የጻፍሁት። እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም፤ አንድ ፊደል እንኳ አልፋቅሁም። አያ ቸኮለ ጮኽ ብሎ አነበበው። የፈንታሁንን አውራ ጣት ያዘ፣ ፓዱ ላይ አንከባለለ፣ ወረቀቱ ላይ አንከባለለ።

መስመር የለውም።

ጥቁር ክብ ብቻ ነው፤ ልሙጥ፣ እንደ ጥቁር ባቄላ። አያ ቸኮለ ቀለሙ በዝቶ ነው ብሎ ጣቱን በወረቀት አድርቆ ደገመው። ያው ነው። የግራውን ሞከረ። ያው ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከእነሱ መካከል የጣት መስመር የሌለው ሰው አይቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አይቼ አላውቅም።

«ኖራው ነው» አለ ፈንታሁን። «በባዶ እጄ ሳወጣ ሳገባ በልቶኝ ነው።»

አያ ታረቀ ተነሡ። «ጣት የሚበላ አፈር ነው እንጂ ኖራ አይደለም» አሉ። አማተቡ። «በስመ አብ! ልጆቼ፣ ተነሡ እንሂድ። የበላነውስ በሬውን ነው፤ ይኸ ግን ፈንታሁን አይደለም።» ጉሙ ውስጥ ገቡና ጠፉ።

አያ ቸኮለ ጣቱን እንደያዘ ነበር። እኔ ፊቱን ነው የማየው። ‹ቃልህ ነው?› እስኪል እጠብቃለሁ። አላለም። ጣቱን በቀስታ ለቀቀው፣ የማኪናውን ጨርቅ ጎትቶ አለበሳትና «ዛሬ አይሆንም፣ ወንድሜ» አለ።

ፈንታሁን አልተነሣም። አውራ ጣቱን ወደኛ ዘርግቶ ቆየ፤ ማስጠረጉ ነው። የባለጉዳይ ሁሉ ጣት እንደሚጠረግ ያውቃል። ጨርቁ በእጄ ሥር ነበር። ፈራሁ። ምን እላለሁ፣ አጥንቴ ድረስ ፈራሁ። በመጨረሻ ራሱ ተነሣና ነጠላው እንዳይበላሽ እጁን ከሰውነቱ አርቆ፣ እንደታመመ ሰው ይዞት ሄደ። ያን አካሄዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በነጋታው ሻይ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ክብ ተገኘ። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ላይ። ቀጥሎ ስመኝ በር ላይ፣ በሰው ደረት ልክ። ስመኝ በአመድ ፈገፈገችው፣ በውሃ አጠበችው፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይታያል አሉ። ፈንታሁን ችሎት ባለ ቁጥር እየመጣ ዱካው ላይ ይቀመጥ ነበር። አይናገርም። ጣቱም እንደዚያው ጥቁር ነው። ቀለም በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል፤ የእሱ ለምን እንደማይለቅ አላውቅም። ሌላ ባለጉዳይ እሱን ሲያይ በሩቅ ተመለሰብን። አያ ቸኮለም እሱን ሲያይ ደጋግሞ ውሃ ሽንት ይሄዳል።

አንድ ቀን አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም። ሲሄድ ያየው የለም፤ ቀበርሁት የሚልም የለም። ክቡ ግን አልቀረም። ወረቀታችንን ሻይ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ነው የምናሳድረው። ጠዋት ከፍቼ ነጭ ወረቀት ስቆጥር፣ ከመካከሉ አንዱ፣ ከታች፣ ልክ ፊርማ በሚያርፍበት ቦታ፣ ልሙጥ ጥቁር ክብ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ አያ ቸኮለ።

«እርስዎ አይደሉም?»

ተራ በተራ ጣታችንን ተያየን። ሁለታችንም ንጹሕ ነን። ያን ቀን ነው ፓዱን በሲባጎ ያሰረው። ከዚያ በኋላ ለጣት ሌላ ፓድ ገዝተን እንሠራ ነበር፤ እሱ ግን ጨርቁን ከእጁ አይለይም። ሰው ሲያናግር እንኳ የራሱን አውራ ጣት ይጠርጋል።

ሲታመም ልጠይቀው ሄድሁ። ከአልጋው ሆኖ እጄን ያዘኝ። «ትርንጎ፣ ያን ሰው ቃልህ ነው አላልሁትም» አለኝ። «ሟች ብሎ ለመጻፍ አንድ ቃል በቃኝ፤ ሕያው ለማለት ግን ምላሴ አልዞረልኝም።» ማኪናውን፣ ዱካውንና ፓዱን ለእኔ ተናዘዘልኝ። «ፓዱን አትፍቺው። የእሱ ተራ አላለቀም።» በሳምንቱ ቀበርነው፤ አውራ ጣቱ ከመጠረግ ብዛት ቆዳው ተልጦ ነበር።

ጎንደር ወረድሁ። እዚህ ብዙ ጻፍሁ፤ የድንበር፣ የቀለብ፣ የፍቺ። የብዙ ሰው ጣት በእጄ ይዤ «ቃልህ ነው?» አልሁ፣ ጣታቸውንም ጠረግሁ። አንድ ቀን አንዲት ለግላጋ ሴት ዱካው ላይ ተቀመጠችና «የሺ ነኝ፣ የፈንታሁን ልጅ» አለችኝ። ማራኪ፣ ተማሪዎቹ ሠፈር፣ ሻይ ቤት ከፍታለች።

«እማማ ትርንጎ፣ ያ የመጣው አባቴ ነበር?»

«እንጃ፣ ልጄ» አልኋት።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ በሩን ስትፈገፍግ ነው የኖረች» አለች። «እኔም ሮጥሁበት፤ ሕፃን ነበርሁ እኮ።» አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ዳቦ ይዛልኝ ትመጣለች እንጂ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

አሁን ወደ ካርቦኑ ልመለስ። ለአዲሱ መታወቂያ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ ልጅ አረንጓዴ መብራት ያለው መስተዋት ላይ ጣትዎን ያስቀምጡ አለችኝ። አስቀመጥሁ። «ይጥረጉትና ይድገሙት፣ እማማ።» ጠርጌ ደገምሁ። አሥሩንም ጣቴን ሞከረችው። «ጣትዎ አይነበብም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት «እማማ፣ ሳናውቅ ሞተው እንዳይሆን!» ብላ ቀለደች። ሰልፉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ወዲያው ግን ጠረጴዛውን ሙጭጭ ብዬ ያዝሁና ወንበር አመጡልኝ።

«አይደንግጡ እንጂ» አለችኝ ልጅቱ። «በዕድሜም በሥራም ይጠፋል። በዓይንዎ እናነሣዎታለን፣ እሱም ይበቃል።»

«በምን ሥራ?»

«በብዙ ሥራ። ሲሚንቶ የሚያቦኩ፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ኖራ የሚነኩ... በየጊዜው ይመጡብናል እኮ።»

በየጊዜው! እንደ ተራ ነገር ነው የምትለው። አንድን ሰው ከነሕይወቱ የቀበርንበትን ነገር፣ አያ ቸኮለን እንቅልፍ የነሣውን ነገር፣ ያቺ ልጅ ማስቲካ እያኘከች ነገረችኝ። መንገድ ላይ እያለቀስሁ ነው አዘዞ የደረስሁት።

ካርቦን ፍለጋ የወጣሁት በማግሥቱ ነው። የሺን በስልክ ጠራኋት፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየመታት መጣች። የመታወቂያውን ነገር ነገርኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ማኪናዬን ገለጥሁ፣ ሁለት ወረቀት በሰማያዊው ደርቤ አገባሁ። የቀለሙ ሪባን ከደረቀ ዘመናት አልፈዋል፤ ብመታው ብመታው የላዩ ወረቀት ባዶ ነው። ሥሩ ያለው ግን በሰማያዊ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዋና የሌለው ግልባጭ ያን ቀን አየሁ። አመልካች ፈንታሁን፣ ጉዳዩ ሕያው ስለመሆኔ። ያን ጊዜ የጻፍሁትን ቃል በቃል አስታውሰው ነበር።

ዱካውን ከጠረጴዛው ፊት አኖርሁት። የሺ ልትቀመጥበት አልደፈረችም፤ ቆመች። ከላይ እስከ ታች ጮኽ ብዬ አነበብሁት። ከዚያ ሲባጎውን በጥርሴ በጠስሁት። ደርቋል ብዬ ጋዝ በጠርሙስ አዘጋጅቼ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ቀለሙ ዛሬ እንደፈሰሰ እርጥብ ነው። አውራ ጣቴን አንከባለልሁ፣ ግልባጩም ላይ አሳረፍሁ። ልሙጥ ጥቁር ክብ ወጣ።

የሺ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይኸ የበራችን ነው» አለች።

«የእኔ ጣት ነው፣ ልጄ። የሕያው ሰው ጣት ነው። አባትሽ ነበር።»

ወደ ዱካው ዞርሁና «ቃልህ ነው?» አልሁ። የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ይሰማል። «ቃልህ ነው?» አልሁ ደግሜ። በሦስተኛው የሺ «ቃሉ ነው» አለች። ከዚያ እኔን ሳይሆን ዱካውን እያየች፣ ድምፅዋን እንደ ሕፃን አቅጥና «አባዬ» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው።

ለዚህ ቀን ብዬ ያጠብሁት ነጭ ጨርቅ ነበረኝ። በአንደኛው ጫፉ ጋዝ አርጥቤ ጣቴን ጠረግሁ፤ አጥፌም ዱካው ላይ አኖርሁት። ሻይ አፍልቼ ዝናቡ እስኪያባራ ከየሺ ጋር ጓዳ ተቀመጥን፤ ስለ ሻይ ቤቷ፣ ስለ ተማሪዎቹ ዕዳ ስታጫውተኝ ቆየች። ግልባጩን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ሸኝቻትም ተመለስሁ።

ጨርቁን አንሥቼ ስዘረጋው ሌላኛው ጫፉም ጥቁር ነበር፤ ጣት ተይዞ፣ ግራና ቀኝ ተደርጎ፣ በደንብ የተጠረገበት። ፓዱን ነካሁት። ደርቋል።